ሻሽ ብዬ ጻፍኩ

ዛሬም እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሌሊቱን አዛውንቶች ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ ውሃ ሳጠጣ አድሬ ማለዳ ቤቴ ገባሁ፣ መጋረጃው አላጨልም ቢለኝ ብርድ ልብሴን መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ፣ ተነስቼ አወለቅሁ፣ ደግሞ ጋደም አልኩ፤ ይኸው አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ፣ የሰኔ ፀሐይ የጀርመንም ብትሆን ፀሐይ ናትና በብርድ ልብሱ ጠርዝ ገብታ ግድግዳዬ ላይ ቁጭ ብላለች። ሰዓቱን አሁንም በእኛ ነው የምቆጥረው፤ ሁለት ዓመት ተኩል እዚህ ኖሬ ይህን አልተውኩም። ዓርብ ነው። ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ይጮኻል፤ ጅጅጋ ሰባት ተኩል ይሆናል፣ የጁምዓ ሶላት ላይ ያሉት ወንዶች ከመስጊድ ሳይመለሱ፣ ቤቱ ባዶ ሳለ፣ ኤዶ ዐዎ ትደውልልኛለች። ኤዶ ማለት በሶማልኛ አክስት ነው፣ እኔ ግን የሥጋ ዘመዷ አይደለሁም። የኢስተሂል እናት ናት። ኢስተሂል ደግሞ ጅጅጋ ክሊኒክ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ የላቦራቶሪ ልጅ ናት፣ ነበረች፣ ናት፤ ይህችን መምረጥ ነው ያቃተኝ። በ2014 መጨረሻ ከሊቢያ ደውላ «ከነገ ወዲያ ባሕር ላይ ነን» አለች፣ ከዚያ ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም። እናቷ ግን ትጠብቃለች፤ አውሮፓ የገባ ሰው ሁሉ የጣት አሻራው ይመዘገባል ብለዋታል፣ አውሮፓ ውስጥ የምታውቀው ሰው ደግሞ እኔን ብቻ ነው። «ብርቄ፣ ዛሬስ ጠየቅሽ?» ትለኛለች። «ጠይቄያለሁ ኤዶ፣ ይፈልጋሉ፣ ጊዜ ይወስዳል አሉኝ» እላታለሁ። እውነት ነው፣ የጠፋ ሰው የሚያፈላልግ ቢሮ ሄጄ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። የቀረውን ዓርብ ሁሉ ዋሽቻታለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ወረቀት አለ፣ ዛሬ ማታ ሥራ ስገባ ሞልቼ የማስረክበው። ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ነው። አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት አለችን፣ ልጆቿን አታውቅ፣ የራሷን ስም አታውቅ፣ የእጇ ጉልበት ግን ከእሷ ጋር ቀርቷል፤ ላገላብጣት ጎንበስ ስል ማተቤን አየችና ያዘችው፣ እጇ ላይ ጠቀለለችው፣ ሳበችው። ጥቁሩ ክር ሦስት ድርብ ነው፣ እናቴ ፍቼ ላይ በእጇ የገመደችው፣ እሱ የሚበጠስ አይደለም፣ ልበጠስ የነበርኩት እኔ ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቃ አስለቀቀችኝ። በማግስቱ የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ክራውዘ ጠራችኝ። ደንቡን አውቀዋለሁ፣ ስቀጠር ፈርሜበታለሁ፤ አንገት ላይ ምንም ነገር አይታሰርም፣ ሐብል የለም፣ ሻርፕ የለም፣ ክር የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ አይታ እንዳላየች ስታልፈኝ ከርማለች። ቆርጠሽ ጣዪው ልትለኝ ነው ብዬ ጠብ አሰናድቼ ገባሁ፣ ጠቡ በአማርኛ ነው፣ በጀርመንኛ ጠብ አልችልም። እሷ ግን ወንበር ሳበችልኝ። «ይህ ምንድን ነው?» አለች፣ ሳትነካው በጣቷ እያመለከተች። «ክር ነው» አልኳት። «ክር መሆኑንማ አያለሁ፤ ለአንቺ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከዚያ ይህን ወረቀት ሰጠችኝ፤ በሃይማኖቱ ምክንያት የሚለብሰው ወይም የሚያስረው ነገር ያለ ሠራተኛ ትርጉሙን ይጽፋል፣ ቢያወልቀው ምን እንደሚሆንበት ይጽፋል፣ ከዚያ ቁጭ ብለን መላ እንፈልጋለን። «በራስሽ ቋንቋ ጻፊው፣ እናስተረጉመዋለን» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሷም በማተቡ የተነሳ መሰላት፣ መሀረብ አቀበለችኝ። ምስኪን። እኔ የማለቅሰው እኔ ኢስተሂልን እንዲህ ብዬ ጠይቄያት ስለማላውቅ ነው።

ምን ብዬ ልጻፍ። ማተብ ክርስትና የተነሳ ሰው አንገቱ ላይ የሚያስረው ክር ነው ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነው፣ ግን ምን ይነግራታል? ማተብ እኮ ሰው ሰውን የሚያምንበት ነው፤ በማተቤ ብሎ የማለ ሰው አይዋሽም፣ ቃሉን የበላ ሰው ደግሞ ክሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ማተቡን በጥሷል እንለዋለን፣ ማተብ የለሽ እንለዋለን። ይህንንም ጻፍኩ፣ በአማርኛ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ ፊደሌ ያምራል፣ ጅጅጋም ደንብ ሲጻፍ እኔ ነበርኩ የምጠራው። ጽፌ አነበብኩት። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ተኛሁ፣ ተኛሁ ማለቴ ጋደም አልኩ፣ ምክንያቱም የጻፍኩት ስለ ክሩ ሳይሆን ስለ እኔ ነው፣ በገዛ ፊደሌ የራሴን ክስ ነው የጻፍኩት።

ሐምሌ 2010 ነው። ጅጅጋ ነኝ፣ ተመድቤ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ፣ የኤዶ ዐዎ ግቢ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከተማው ሌላ ከተማ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት በኩል ጭስ አየሁ፣ ከዚያ ጩኸት መጣ፣ ከዚያ ባጃጆች ሰው ሳይጭኑ ሲፈተለኩ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ዝምታው ይብስ ነበር። በሬን ቆልፌ መቀስ ፈለግሁ። ክሩን ልቆርጠው ነው፣ መቀሱ ዶልዱሟል፣ የእናቴ ግምድ ደግሞ እንዳልኩት ነው። በሩ ተንኳኳ። ኤዶ ዐዎ ናት፣ የራሷን ቡናማ ጅልባብ፣ ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርደውን፣ ክንዷ ላይ አጣጥፋ ይዛለች። መቀሱን አየችው። ቀማችኝ፣ ማተቤን በሁለት ጣቷ አነሳችና ወደ ደረቴ ከተተችው፣ «አትቁረጪ። ሃይማኖትሽ ነው። ይሸፈናል» አለችኝ፣ ጅልባቡን በራሴ ላይ አጥልቃ አገጬ ስር በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ሦስት ቀን ጓዳዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጎረምሶች በሩን እየደበደቡ ገብተው ይቺ ማን ናት ሲሏት፣ የወንድሜ ልጅ ናት፣ ከኤረር የመጣች፣ ታማለች፣ አትናገርም ትላቸዋለች፤ ሶማልኛዬ ያጋልጠኛልና ዲዳ አደረገችኝ። ኢስተሂል ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ናት፣ አጠገቤ ተቀምጣ ጆሮዬ ላይ ታንሾካሹካለች። «ሲስተር፣ ጅልባብ ያምርብሻል፣ ወላሂ፣ ባል ልፈልግልሽ?» አለችኝ። ሞት በር ላይ ቆሞ ሳቅኩ። በአራተኛው ቀን ስወጣ ኤዶ ዐዎ እግር ላይ ወደቅሁ፣ «ይህን ውለታ ብረሳ ይህ ማተብ ይፍረድብኝ» አልኳት። ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ማለትም ከለከለችኝ፤ «ይምጡ፣ ይግቡ ስትዪኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኛል፣ እኔ አንድ ነኝ» ትላለች።

ውለታው ሁለት ዓመት ከምናምን ቆየ። ጥቅምት 2013፣ የመንግሥት ሥራ ለቅቄ የአንድ የግል ክሊኒክ አስተባባሪ ነርስ ሆኛለሁ፣ ኢስተሂል ተመርቃ እዚያው ላቦራቶሪ የገባችው በእኔ ነው፣ ቤትም አንድ፣ ሥራም አንድ፣ ጠዋት ጠዋት በአንድ ባጃጅ እንሄዳለን። ከጤና ቢሮ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ላቦራቶሪ ሲገቡ ኢስተሂል ልታሳልፋቸው ዞር ስትል የጅልባቧ ጫፍ የናሙና መደርደሪያውን ያዘውና አምስት የደም ብልቃጥ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ፣ እነሱ እያዩ። የሠራተኞች አለባበስ ለንጽሕና አይመችም ብለው ጽፈው ሄዱ። እውነታቸውን ነው፣ አልፈርድባቸውም። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ዐብዲናስር ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሻንጣው መኪና ላይ ነበር። «ሲስተር፣ አንድ የአለባበስ ደንብ ጻፊ፣ ስለ እኔ ሆነሽ ፈርሚ፣ ለጥፊው» ብሎኝ ሄደ። ጻፍኩ። ያን ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስመዘግብ ነው የዋልኩት፣ ጓንት፣ አልኮል፣ ሻሽ፣ ፕላስተር፣ ሻሽ፤ ከዚያው እጄ ጋር መጥቼ ቁጭ አልኩና ጻፍኩ፤ ማንኛዋም ሴት ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ከሻሽ በስተቀር ጅልባብም ሆነ ሌላ ረጅም መከናነቢያ መልበስ አትችልም። ማህተም መታሁበት። ለእኔ ሻሽ ምንድን ነው? ቁስል ይታሰርበታል፣ ራስ ይታሰርበታል፣ እናቴ ታስረዋለች፣ ያልደረሰች ልጅም ታስረዋለች፣ ፀጉሯን ያልተሠራች ሁሉ ታስረዋለች። ጅጅጋ ግን ሻሽ የሚስት ነው። ሶማሌ ሴት ስታገባ በሰባተኛው ቀን ሴቶች ተሰብስበው፣ እየዘፈኑ፣ ሻሽ ያስሩላታል፤ ከዚያ በፊት ራሷ ላይ አይወጣም፣ ከዚያ በኋላ ያያት ሁሉ ባለትዳር መሆኗን ያውቃል። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ ለአንድ ሰው ብነግር ማን ይከራከረኛል? ግን የካርድ ክፍሏ ናስትሆ ስታገባ ሰባተኛው ቀን ላይ ነበርኩ፣ ዲራዕ የሚሉትን የሶማሌ ቀሚስ ተውሼ ለብሼ፣ ተራዬ ሲደርስ አንዱን ሻሽ በናስትሆ ራስ ላይ ያሰርኩት በእነዚህ እጆቼ ነው።

ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ትዳር ያላቸው ናቸውና አላጉረመረሙም። ያላገባች ኢስተሂል ብቻ ናት። የታጨች ናት፣ ማሃድ የሚባል ደገሀቡር ከብት የሚነግድ ልጅ አጭቷታል፣ ሠርጉ ለረቢዕ ወር ተቀጥሯል። ቢሮዬ ገባች፣ በሩን በቀስታ ዘጋችው፣ አሁንም ሲዘጋ እሰማዋለሁ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ። ሻሽ የምትለዋን ብቻ ቀይሪያት።»

«ለምን?»

«እኔ እኮ አላገባሁም። ጅልባቡን አሳጥረዋለሁ፣ እጅጌውን በላስቲክ እይዘዋለሁ፣ ከፈለግሽ ጋዋኑ ውስጥ እከተዋለሁ። ሻሽ ግን... ሰው ምን ይለኛል?»

«ኢስተሂል፣ ጨርቅ እኮ ነው።»

«ለእናንተ ጨርቅ ነው።»

«ማህተም ተመቶበታል። ማህተም ያረፈበትን ለአንድ ሰው ብዬ ብቀይር ነገ ሁሉም ይህን ቀይሪልኝ እያለ ይሰለፋል።»

«እሺ» አለች። የተለጠፈውን ደብዳቤ ግልባጭ ከጠረጴዛዬ አነሳች፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ወጣች። እኔ ደግሞ ጥሩ ኃላፊ ነኝ አልኩ፣ እንዳልኩ ትዝ ይለኛል፣ ሰው ሳያየኝ እንደ ዳኛ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ። በማግስቱ ጠዋት በባጃጁ አብራኝ አልሄደችም። ቀድማ ሄዳለች። ስደርስ እንግዳ መቀበያው ሰው ሞልቷል፣ እሷ ናሙና ተቀብላ በሰው መሃል እየመጣች ነው፣ ነጭ ጋዋን፣ ራሷ ላይ ቀይ የሐር ሻሽ፣ ወደ ኋላ የታሰረ፣ አንገቷ ባዶውን። ያን አንገት ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፣ አንድ ግቢ ኖረን። ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት ሴት፣ የምታውቃት መሰለኝ፣ አየቻትና እልል አለች። እልል፣ ከልቧ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ። ሌላዋም ተቀበለቻት። ኢስተሂል ብልቃጦቹን እንደያዘች መሃል ወለሉ ላይ ቆመች፣ ወደፊትም አልሄደችም ወደኋላም አልሄደችም፣ ወደ እኔ አየች። እኔ የካርድ ክፍሉን በር ከፍቼ ገባሁ። ይኸው እዚህም፣ ዓይኔን ስጨፍን፣ አሮጊቶቹ ሁሉ ተኝተው ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ ያ እልልታ ይመጣል፤ ዞር ስል ማንም የለም፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ግን የሆነ ቀይ ነገር ያለፈ ይመስለኛል። እፈራለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሬሳ ገንዤ አውቃለሁ፣ የኮሪደር መብራት እያበራሁ ነው የምሄደው።

ወሬ ከመኪና ይፈጥናል፤ እልልታው ከሰዓት በፊት ደገሀቡር ደርሷል። ኢስተሂል በድብቅ ኒካህ አስራለች ተባለ፣ ክሊኒክ ውስጥ በሻሽ ታየች ተባለ፣ ያየ ብቻ ሳይሆን እልል ያለም አለ። ማሃድ በሦስተኛው ቀን ከሽማግሌ ጋር መጣ። ልጁ ክፉ አልነበረም። የሥራ ደንብ ነው ብትለው ደብዳቤውን አሳዪኝ አላት፣ አሳየችው፣ አማርኛ ያነባል፣ ሻሽ ይላል። «ሻሽ የሚያስሩት ያገቡ ናቸው፣ ያላገባሽ ከሆንሽ አንቺን አይመለከትም፣ ለምን አሰርሽው?» አላት። ሽማግሌዎቹ መላ አመጡ፤ በአማርኛ ሻሽ ማለት ማንኛውም የራስ ጨርቅ መሆኑን፣ አላስርም ስትል ክሊኒኩ እንዳስገደዳት አንድ መስመር ጽፎ ማህተም ያድርግበት፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል አሉ። አንድ መስመር። መጣችብኝ፣ አሁን በሩን አልዘጋችውም። ነገ እጽፍልሻለሁ አልኳት። በማግስቱም ነገ አልኳት። በሦስተኛውም ነገ አልኳት። ለእኔ የታሰበች የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅነት ወንበር ነበረች፣ ዶክተሩ ሲመለስ የሚወሰን፣ ቃል አበላሽታ የሠራተኛ ትዳር አፈረሰች የሚባል ወረቀት በገዛ ፊርማዬ ፋይሌ ውስጥ አስቀምጬ ማን ይሾመኛል? በአራተኛው ቀን፣ «ኢስተሂል፣ የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ ክሊኒኩ አይገባም» አልኳት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። እሷም «ሲስተር፣ ቤተሰብ ነን ያልሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ዶክተር ዐብዲናስር በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ደንቡን ግድግዳው ላይ ሲያነብ፣ «ሻሽ? ሲስተር፣ አብደሻል?» ብሎ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ ሻሽ የሚለውን ሰርዞ አጭር ሂጃብ ብሎ ከላይ ጻፈ፣ ቆሞ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ማሃድ ግን እጮኝነቱን አፍርሶ ሄዷል፣ ኢስተሂልም ሥራ ለቅቃለች። ሥራ አስኪያጅነቱን አገኘሁት።

ከዚያ ወንድሟ ሻርማርኬ ቤት ውስጥ ስሟ እንዳይጠራ አለ። አሳፈረችን ብሎ ነው። ኤረር አጎቷ ዘንድ ሰደዷት፣ እኔን የኤረር ልጅ ናት ብለው እንዳተረፉኝ እሷን እውነትም የኤረር ልጅ አደረጓት፣ እዚያ አንድ ዓመት ተቀመጠች፣ አንድ ጠዋት የለችም። ታህሪብ፣ በድብቅ ባሕር ማዶ ለመሻገር፣ ወጥታለች። በሱዳን አድርጋ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ያቺ ስልክ። ያን ጊዜ ሁሉ እኔ በዚያው ግቢ ነኝ፣ በዚያችው ክፍል፣ ኤዶ ዐዎ ጠዋት ጠዋት «አደርሽ ወይ?» ትለኛለች፣ ደብዳቤውን ክሊኒኩ ነው የጻፈው ብላ የምታውቅ መሰለኝ፣ ማን እንደፈረመ አትጠይቅም፣ እኔም አልነገርኳትም። ጀርመን የነርስ ውል ሲመጣልኝ የደነቀኝ ዕድሌ አይደለም፣ ከዚያ ግቢ መውጣቴ ነው። ስሸኝ የሴት ልጇን ፎቶ ሰጠችኝ፣ «እዚያ ካየሻት» ብላ። ያልታደለች፣ ማን ላይ እምነት እንዳላት አታውቅም። ፎቶው እዚህ አለ፣ ሻንጣ ውስጥ፣ ወደ ታች ደፍቼዋለሁ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሩብ ሆነ። ወረቀቱን አላስረክበውም። ቀድጄ አልጣልኩትም፣ ግን አላስረክበውም፤ ማታ ክራውዘ ዘንድ እገባለሁ፣ ሥራ ላይ ስሆን እፈታዋለሁ እላታለሁ፣ ቆርጬ አይደለም፣ ፈትቼ፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ደንቧም ክፉ አይደለም፣ የዚያች አሮጊት እጅ ነገ የሌላ ሰው አንገት ይይዛል። ይህ ማተብ ለእኔ ምን እንደሆነ በሦስት መስመር የመጻፍ መብት ያለኝ ግን ለኤዶ ዐዎ ከነገርኩ በኋላ ነው። እነግራታለሁ። ከነገርኳት አትደውልልኝም፣ አውቃለሁ፤ ያቺ ሴት በዚህ ዓለም ላይ የልጇን ነገር የምታወራው ከእኔ ጋር ብቻ ነው፣ እሱንም እወስድባታለሁ፣ እኔም ከእንግዲህ ዓርብ የሚባል ቀን አይኖረኝም። ካልነገርኳት ደግሞ በየሳምንቱ እየዋሸኋት እናረጃለን። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። ስልኩ ጮኸ።

«ብርቄ፣ ሰላም ነሽ? ዛሬስ ጠየቅሽ?»

«አልጠየቅሁም ኤዶ። ባለፈውም አልጠየቅሁም፣ ዋሽቼሽ ነው። ዛሬ ሌላ የምነግርሽ አለ፣ እስክጨርስ ዝም በዪኝ።»

ነገርኳት። ሻሽ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት፣ ዶክተሩ አይደለም፣ ኢስተሂል ቀይሪልኝ ስትለኝ ማህተም ተመቶበታል አልኩ፣ አንድ መስመር ጻፊልኝ ስትለኝ ለሹመት ብዬ ከለከልኳት፣ እልል ሲሉባት ወደ እኔ አየች፣ በር ከፍቼ ገባሁ አልኳት። ሳልተነፍስ ነው የነገርኳት። «አፉ በዪኝ ኤዶ» ብዬ ጨረስኩ። በስልኩ ውስጥ ባጃጅ አለፈ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«መስመሩን መከልከልሽን አላውቅም ነበር። ፊርማው ያንቺ እንደሆነ ግን ያን ማታውኑ አውቄያለሁ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ አማርኛዋን እየፈለገች። «ደብዳቤውን ቤት ይዛው መጣች፣ አነበበችልኝ። ሆዮ፣ እናቴ፣ ይህን አላስርም፣ ሥራው ይቅርብኝ አለች። እኔ ምን አልኳት መሰለሽ? ማን ጻፈው አልኩ። ሲስተር ብርቄ አለችኝ። እንግዲያ እሰሪው አልኳት። ብርቄ እኛ ላይ ክፉ አትጽፍም፣ እኔ ጅልባቤን ያለበስኳት ልጅ ናት አልኩ።»

«ኤዶ...»

«ቆይ። ቀዩ ሻሽ የኔ ነው። ከሳጥኔ አወጣሁት፣ ጠዋት ቁጭ አደረግኋትና በእጄ አሰርኩላት። ራሷን ወደ ኋላ ትስብብኝ ነበር። ዝም በዪ ብዬ አጠበቅሁት። ለሻርማርኬ አልነገርኩትም፣ ለማሃድ ሽማግሌዎችም አልነገርኩም፣ ራሷ አሰረችው ሲሉ ዝም አልኩ። ስንት ዓርብ ልነግርሽ ደውዬ፣ ጠየቅሽ ወይ ብዬ እዘጋዋለሁ። ልጄ የለችም ብርቄ፣ እናት ታውቃለች። ማንን ልጠይቅ? አንቺ አፉ በዪኝ።»

ይቅርታ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። እሷ የምትጠይቀው ነገር በእኔ እጅ የለም፣ የዚያች ልጅ ነው፣ እኔ ማን ነኝና፣ ይህን ልላት አፌን ከፈትኩ። «በዪኝ እንጂ» አለች፣ ድምጿ ተሰበረ፣ «ሊመጡ ነው እኮ፣ በዪኝ።» «አፉ ብዬሻለሁ ኤዶ» አልኳት። ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፣ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ፣ አላህ ይስጥሽ ልጄ አለችኝ፣ አለቀሰች። ከዚያ የብረት በር ሲከፈት ተሰማኝ፣ የወንዶች ድምፅ ገባ፣ «ሻርማርኬ መጣ» ብላ ዘጋችው። እኔ የጠየቅኋትን አልመለሰችልኝም። መልሼ ልደውልላት አልችልም፣ አሁን ቤቱ ሰው አለበት።